«አበባ»፦ በክሪታ የሳይኬደሊክ ፖስተር አሠራር ለተማሪዎች

ሳይኬደሊክ ሥዕል (በደማቅ ቀለምና በተጠማዘዘ ቅርጽ ዐይንን የሚያምታታ ዘይቤ) ሲባል ብዙ ተማሪ የሚጀምረው ቀስተ ደመናውን በሙሉ ሸራው ላይ በማፍሰስ ነው። ከዚያ የሚወጣው ዝብርቅርቅ ያለ ሥዕል እንጂ የሚርገበገብ ሥዕል አይደለም። ዐይን ፊት የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው ጠርዝ የሚፈጠረው የቀለም ዓይነታቸው ፍጹም የተራራቀ፣ ድምቀታቸው (ከግራጫ የራቁበት መጠን) ከፍ ያለ፣ የብርሃን መጠናቸው ግን እኩል የሆነ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። የአንዱ ቀለም ብርሃን ከሌላው ከበለጠ ዐይን ጠርዙን ወዲያው ለይቶ ያርፋል። እኩል ከሆኑ ግን የትኛው ፊት፣ የትኛው ኋላ እንደሆነ መወሰን ያቅተዋል። የዚህ መመሪያ ሥራ ሁሉ በዚህ አንድ ነገር ላይ የቆመ ነው።

ዘይቤው በዋናነት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ፊልሞርና አቫሎን የተባሉ የሙዚቃ አዳራሾች ለዝግጅቶቻቸው ፖስተር ያሠሩ ነበር። ከሠዓሊዎቹ አንዱ ዌስ ዊልሰን ፊደሎቹን እያሳበጠ ቦታውን ጥቅጥቅ አድርጎ የመሙላት ስልቱን የቀዳው ከቪየናው አልፍሬድ ሮለር ነው፤ ሮለር ይህን ዓይነት ፊደል በ1903 አካባቢ በፖስተር ላይ ሠርቶበታል። ሌላው ሠዓሊ ቪክቶር ሞስኮሶ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሳለ የቀለምን ባሕርይ የተማረው ከጆሴፍ አልበርስ ነው። «ሁለት የሚርገበገቡ ቀለሞችን አታጎራብት»፣ «ፊደሉ ከሩቅ ይነበብ» የሚሉትን የክፍል ሕጎች ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ ሆን ብሎ ገለበጣቸው። የዘይቤው ስም ከዕፅ ጋር ስለሚያያዝ ሥራው ዕፅ ይጠይቃል ብሎ ለሚጠራጠር ወላጅም ሆነ መምህር መልሱ ይኸው ነው፤ የሚጠይቀው የቀለም ትምህርትና ትዕግሥት ነው።

እዚህ የምንሠራው አንድ ኤ3 ፖስተር ነው። መሀሉ ላይ ስምንት ቅጠል ያላት አደይ አበባ፣ ዙሪያዋን እየሰፉ የሚሄዱ የሚርገበገቡ ቀለበቶች፣ ከላይ ደግሞ «አበባ» የሚለው ቃል በሚያብጥ ፊደል ይኖራል። ቃሉን የመረጥነው ለማስተማር ስለሚመች ነው፤ ምክንያቱን ፊደል ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራሙ ክሪታ፣ 5 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ቅጂ። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ይሠራል። የሥዕል ታብሌትና ብዕር ቢኖር ፊደሉን ያቀላል፤ የቀረው ሁሉ ግን በማውዝ ይሠራል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር በቂ ነው። እርሳስ፣ ወረቀትና ላጲስም ያስፈልጋሉ፤ ይህን አትዝለሉት።

ኮምፒውተር የሌለው በስልክ አይቢስ ፔይንት ኤክስ ላይ መሥራት ይችላል። የሲሜትሪ ሩለር (አንዱን መስመር ዙሪያውን የሚደግም መሣሪያ) አለው፣ ሌየር (እንደ መስታወት የሚደራረብ የሥዕል ንጣፍ) እና የሌየር ማዋሃጃ ሞዶችም (አንዱ ሌየር ከሥሩ ካለው ጋር የሚቀላቀልባቸው መንገዶች) አሉት። የሜኑ ስሞቹ ይለያዩ እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ሸራውን ግን ስልኩ በሚችለው ልክ አሳንሱት።

ከመጀመራችሁ በፊት የስክሪኑን «ናይት ላይት» አጥፉ። ስክሪኑን ወደ ቢጫ እየጎተተ ሰማያዊውን ስለሚቀንስ፣ ማታ እኩል ብላችሁ የመረጣችኋቸው ቀለሞች ጠዋት እኩል ሆነው አታገኟቸውም።

1. ከሥዕሉ በፊት ቀለሙን ፈትኑ

1000 በ1000 ፒክስል የሆነ ባዶ ሸራ ክፈቱ። 50 ፒክስል ስፋት ያላቸው ቋሚ ሰንበሮችን በሁለት ቀለም እያፈራረቃችሁ ሙሉ። ለመነሻ እነዚህን ሁለት ጥንዶች ሞክሩ፤ ቁጥሮቹ በተራ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ናቸው።

ደማቅ ሮዝ 255፣ 60፣ 150 ከአረንጓዴ 0፣ 160፣ 70 ጋር።
ብርቱካናማ 255፣ 110፣ 0 ከሰማያዊ 0፣ 158፣ 255 ጋር።

አሁን ከላይ አዲስ ሌየር ጨምሩና ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሙሉት። የሌየሩን ማዋሃጃ ሞድ «ከለር» ላይ አድርጉ። ሥዕሉ ወደ ግራጫ ይቀየራል። ሰንበሮቹ ከሞላ ጎደል ከተዋሃዱና በጭንቅ ብቻ የሚለዩ ከሆነ ጥንዱ ይሠራል። አንደኛው ጎላ ብሎ ጥቁር ከሆነ የእሱን የብርሃን መጠን ብቻ ከፍ አድርጉ፤ የቀለም ዓይነቱንና ድምቀቱን አትንኩ። ከዚያ የግራጫውን ሌየር ደብቁና ከስክሪኑ ሁለት ሜትር ርቃችሁ እዩት። የመጨረሻው ዳኛ ዐይናችሁ ነው፤ መሣሪያው ግምት ብቻ ነው የሚሰጠው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በ«ከለር» ሞድ ፈንታ «ዲሳቹሬት» የተባለውን ፊልተር ከተጠቀማችሁ ስሌቱን «ሉሚኖሲቲ» ላይ አድርጉት። «ላይትነስ» የሚለውን ከመረጣችሁ ሙሉ ቢጫ 255፣ 255፣ 0 እና ሙሉ ሰማያዊ 0፣ 0፣ 255 አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ለሰው ዐይን ግን ቢጫው ነጭ ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ ሰማያዊው ደግሞ ጨለማ ነው። በዚያ ስሌት ተመርቶ የተሠራ ፖስተር አይርገበገብም፤ ተማሪውም ጥፋቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ቢጫ በተፈጥሮው በጣም ብሩህ ስለሆነ ከእሱ ጋር እኩል የሚሆን ደማቅ ቀለም ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ቢጫን ለመርገብገቢያ ሳይሆን ለማሳረፊያ እንጠቀምበታለን። የዚህ ፖስተር ሙሉ ቀለም አራት ብቻ ነው፦ ሮዙና አረንጓዴው ለቀለበቶቹ፣ ቢጫ 255፣ 220፣ 0 ለአበባዋና ለፊደሉ፣ ጥቁር ወይን ጠጅ 50፣ 10፣ 80 ለመስመርና ለጀርባ። አምስተኛ ቀለም ለመጨመር እጃችሁ ሲያሳክክ ተዉት። ፖስተሩ በሙሉ የሚርገበገብ ከሆነ ዐይን ማነጻጸሪያ ስለሚያጣ መርገብገቡ ራሱ ይደበዝዛል።

2. በወረቀት ላይ ንድፍ አውጡ

ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጡ አራት ወይም አምስት ትናንሽ ንድፎች ሥሩ። በዚህ ደረጃ የሚወሰነው ትልቁ ቅርጽ ብቻ ነው፦ አበባዋ የት ትቀመጥ፣ ፊደሉ የሚይዘው ቦታ ቅስት ይሁን እንቁላል፣ ቀለበቶቹ ጠርዙን ይንኩ ወይስ ውስጥ ይቅሩ። ባዶ ቦታ እንዳይተርፍ አስቡ። በዚህ ዘይቤ ሁለት ቅርጾች መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ቅርጽ ነው። የአበባዋን መሀል ከሸራው መሀል ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከላይ ለፊደሉ ቦታ ይገኛል፣ ቀለበቶቹም ወደ ላይ የሚገፉ ይመስላሉ።

3. ሸራውን አዘጋጁ

ኤ3 297 በ420 ሚሊ ሜትር ነው። ማተሚያ ቤት ወረቀቱን ሲቆርጥ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር እንዳይቀር በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ጨምሩ፤ 303 በ426 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲሰላ 3579 በ5031 ፒክስል ነው። የቀለም ሞዴሉ አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ)፣ ጥልቀቱ 8 ቢት፣ ፕሮፋይሉ ኤስአርጂቢ ይሁን። ከተቆረጠው ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ጋይድ መስመር አስቀምጡ፤ ፊደል ከዚያ ውጭ አይወጣም።

በዚህ መጠን አንድ ሙሉ የተሞላ ሌየር 72 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሃያ ሌየር ማለት ወደ 1.4 ጊጋባይት ነው። ራማችሁ 4 ጊጋባይት ከሆነ በ200 ዲፒአይ፣ ማለትም በ2386 በ3354 ፒክስል ሥሩ። አንዱ ሌየር ወደ 32 ሜጋባይት ይወርዳል። ከዚህ በታች የምንሰጣቸውን የፒክስል ቁጥሮች ግን በሙሉ ለ3 አካፍላችሁ በ2 አባዙ።

4. አበባዋን ሣሉ

ከዚህ ጀምሮ እስከ ደረጃ 8 የምትሠሩት በጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ቀለም አሁን ከገባ ቅርጹን ማረም ከባድ ይሆናል፣ ጠርዞቹም ይበላሻሉ።

የመልቲብሩሽ መሣሪያውን ምረጡ። በመሣሪያው አማራጮች ውስጥ ዓይነቱን «ሲሜትሪ»፣ የብሩሹን ቁጥር 8 አድርጉ። መነሻ ነጥቡን ወዳሰባችሁት የአበባ መሀል አንቀሳቅሱት። ጠንካራ ጠርዝ ያለው 12 ፒክስል ብሩሽ ይዛችሁ አንድ የአበባ ቅጠል ስትሥሉ ሰባቱ አብረው ይሣላሉ። «ሲሜትሪ» ያሽከረክራል እንጂ አያንጸባርቅም። ቅጠሉን ወደ አንድ ወገን ካዘነበላችሁት ስምንቱም ወደዚያው ስለሚያዘነብሉ አበባዋ የምትሽከረከር ትመስላለች፤ ለዚህ ፖስተር የሚሻለውም እሱ ነው። «ስኖውፍሌክ» የሚለው አማራጭ ያንጸባርቃል፤ ሥዕሉም የረጋ ይሆናል።

ብሩሹ ከእጃችሁ ኋላ የሚጎተት ከሆነ ስምንት ብሩሽ በአንዴ እየሠራ ስለሆነ ነው። የብሩሹን መጠን ቀንሱ፣ የመስመር ማለስለሻውንም አጥፉ።

የቅጠሎቹ መስመር መዘጋቱን አረጋግጡና በመሙያ መሣሪያው በጥቁር ሙሉ። መሙያው በመስመሩና በሙሌቱ መካከል ቀጭን ነጭ ክር እንዳይተው «ግሮው» የሚለውን 2 ፒክስል አድርጉት። የአበባዋ ስፋት ከጫፍ ጫፍ ከ1300 እስከ 1500 ፒክስል ቢሆን ጥሩ ነው። በቅጠሎቹ ውስጥ የሚገቡትን ጌጦች በሌላ ሌየር ላይ በዚያው መልቲብሩሽ ሥሩ።

5. ቀለበቶቹን አውጡ

በአበባዋ ሌየር ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ሴሌክት ኦፔክ» በሉ፤ የተሣለው ክፍል ብቻ ይመረጣል። ከዚያ ከሴሌክት ሜኑ ሴሌክሽኑን በ24 ፒክስል አስፉት፤ ከአበባዋ ሥር አዲስ ሌየር ፍጠሩና በነጭ ሙሉት። ሴሌክሽኑ ሳይጠፋ በ30 አስፉት፣ ከዚያኛው ሥር ሌላ ሌየር በጥቁር ሙሉ። እንዲህ እያፈራረቃችሁ 38፣ 48፣ 60፣ 75፣ 94፣ 117 እያላችሁ ቀጥሉ። እያንዳንዱ ቀለበት ከቀደመው በሩብ ይሰፋል።

ስፋቱ ለምን ያድጋል? ሁሉም እኩል ከሆኑ የቀስት ዒላማ ይመስልና ዐይን መሀሉ ላይ ተተክሎ ይቀራል። እየሰፉ ሲሄዱ ግን ከመሀል ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ይፈጠራል። ሌላም ነገር ታያላችሁ፤ ሴሌክሽኑ በሰፋ ቁጥር የቅጠሎቹ ቅርጽ እየተድበለበለ ወደ ክብነት ይሄዳል። ይህ ስሕተት አይደለም። ቅርጹ ቶሎ እየጠፋ ካስቸገራችሁ በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ገደል መጀመሪያውኑ ጥልቅ አድርጋችሁ ሣሉት።

ሁልጊዜ የምትሞሉት ቀለበቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ቅርጽ ነው፤ ትልቁ ከትንሹ ሥር ይተኛል። ቀለበት ብቻ ቆርጣችሁ ብትሞሉ ከጎረቤቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የጀርባው ቀለም በፀጉር ስፋት ብቅ ይላል።

24 ፒክስል በወረቀት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለኤ3 ከዚያ በታች አትውረዱ። ሮዝና አረንጓዴ ሰንበር በጣም ከቀጠነ ከርቀት ዐይን ውስጥ ይቀላቀልና አፈርማ ግራጫ ይሆናል። ሥራው የሚታየው በስልክ ብቻ ከሆነ ከ48 ፒክስል ጀምሩ፤ ኤ3 ወደ ስልክ ስክሪን ስፋት ሲወርድ ከአራት ጊዜ በላይ ያንሳልና።

6. ማወዛወዝ

የቀለበቶቹን ሌየሮች በአንድ ግሩፕ አስገቡ፣ ግሩፑን ቅዱና ቅጂውን ነጭ ጀርባ ጨምራችሁ ወደ አንድ ሌየር ጨፍልቁ። ዋናውን ደብቁት እንጂ አትሰርዙት። በጨፈለቃችሁት ላይ የትራንስፎርም መሣሪያውን ክፈቱና «ሊኩዊፋይ» የሚለውን ምረጡ። የብሩሹ መጠን 600 ፒክስል፣ ኃይሉ ዝቅተኛ ይሁን። ቀለበቶቹን በረዣዥም እንቅስቃሴ ግፏቸው። በትንሽ ብሩሽ እዚህም እዚያም መነካካት የተጨማደደ ጨርቅ ዓይነት ነገር ያመጣል። ከአበባዋ አጠገብ ያሉትን ሁለት ሦስት ቀለበቶች አትንኩ፤ ማወዛወዙ ከውጭ ቢበረታና ወደ መሀል ቢረጋጋ አበባዋ ትወጣለች።

የተወዛወዘው ሥዕል በተተገበረ ቁጥር ፒክስሎቹ እንደገና ስለሚሰሉ ጠርዙ ይለሰልሳል። ሦስትና አራት ጊዜ ከደጋገማችሁት ጭጋግ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ጨርሱ፤ ካልወደዳችሁት በላዩ ላይ ከማረም መልሳችሁ ከቅጂው ጀምሩ።

ሲያልቅ ከፊልተር ሜኑ «ትሬሾልድ» በ128 አሂዱ። የለሰለሰው ጠርዝ እንደገና ይጠነክራል፤ እያንዳንዱ ፒክስል ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ይሆናል። ስታጎሉት ጠርዙ የደረጃ ጥርስ ያወጣል፤ አትደንግጡ፣ በ300 ዲፒአይ አንዱ ጥርስ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ በወረቀት ላይ አይታይም።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? በሮዝና በአረንጓዴ መካከል የቀረ የለሰለሰ ጠርዝ ድብልቅ ቀለም ነው፤ ድብልቁም ቡናማ ግራጫ ነው። በሁለቱ መካከል ያ ቀጭን ግራጫ መስመር ከገባ መርገብገቡ ይሞታል።

ጊዜ ለመቆጠብ ብላችሁ አራቱንም ቀለሞች በአራት ግራጫ ደረጃዎች አድርጋችሁ በአንድ ሌየር ላይ ለማወዛወዝ አትሞክሩ። ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄደው የለሰለሰ ጠርዝ በመካከለኛዎቹ ግራጫዎች ያልፋል፤ ቀለም ስትሰጡትም በየጠርዙ ያልጠራችሁት ሦስተኛ ቀለም ክር ሆኖ ይወጣል። ቀለበቱ ለብቻ፣ አበባዋ ለብቻ፣ ፊደሉ ለብቻ በሁለት ቀለም ይሠሩ።

7. ፊደሉ

ትዕግሥት የሚበላው ይህ ደረጃ ነው፤ ፖስተሩን የእናንተ የሚያደርገውም እሱ ነው። የተዘጋጀ ፎንት ጽፎ ማጣመም አያዋጣም። ፎንት ሲጣመም ክፍተቱም ቅርጹም አብሮ ይጣመማል፤ በዚህ ዘይቤ ግን የፊደሉ አካል ሲያብጥና ሲቀጥን ክፍተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

በአዲስ ሌየር ላይ ከአበባዋ በላይ ቅስት ሣሉ፤ ስፋቱ 2800፣ ቁመቱ 1050 ፒክስል ገደማ። ቅስቱን በሁለት የታጠፉ መስመሮች ለሦስት ክፍል ክፈሉት። መስመሮቹ 20 ፒክስል ውፍረት ይኑራቸው፤ ይህ ቁጥር ከአሁን በኋላ የክፍተት ሁሉ መለኪያ ነው። ሦስቱንም ክፍሎች ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሙሉ። አሁን ፊደል የምትሥሉት በመጨመር ሳይሆን በመቅደድ ነው፤ በ20 ፒክስል ማጥፊያ ቀጫጭን ስንጥቅ ታወጣላችሁ።

«በ» ቀላል ነው። ከታች ጀምሮ እስከ ቁመቱ ሁለት ሦስተኛ የሚወጣ አንድ ስንጥቅ ሁለቱን እግሮች ይለያል። ስንጥቁ ቀጥ ያለ ሳይሆን ትንሽ እንደ ነበልባል የተጠማዘዘ ይሁን። «አ» ላይም እግሮቹን የሚለየው እንዲሁ ነው፤ ከ«በ» የሚለየው ግን ላይኛው አንገቱ ስለሆነ አናቱን ቅስቱን ለመሙላት ብላችሁ አትደፍጥጡት፤ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ስንጥቅ አስገብታችሁ ለይታችሁ አሳዩት።

«ባ» ላይ ተጠንቀቁ። ከ«በ» የሚለየው የግራ እግሩ አጭር መሆኑ ብቻ ነው። ቦታ ለመሙላት ያንን እግር እስከ ታች ካወረዳችሁት ፖስተራችሁ «አበበ» ይላል። እግሩን ቢያንስ ከቁመቱ ሲሶ ያህል አሳጥሩት፤ ግማሽ ያህል ብታሳጥሩት የተሻለ ነው። ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ ይህ ዘይቤ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም። እዚህ ላይ የአጠገቡን «በ» ቀኝ እግር ወደ ቀኝ ስቦ ጉድጓዱን መሙላት ደስ የሚል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ቀኝ የወጣ እግር «በ»ን «ቢ» ያደርገዋል። መፍትሔው ጉድጓዱን ፊደል ባልሆነ ነገር መሙላት ነው፦ አንድ ቅጠል ሣሉበት፣ በ20 ፒክስል ስንጥቅ ከፊደሉ ለዩት፣ በኋላም አረንጓዴ ቀለም ስጡት።

ጌጥ ሁሉ በዚህ መንገድ መመርመር አለበት። የቀኝ እግር ጫፍ ላይ የተጠቀለለ ክብ «በ»ን «ቤ» ያደርገዋል። በቀኝ ወገቡ ላይ ያበጠ ጉብታ «ቡ»፣ በግራ ወገቡ ላይ ያለ ደግሞ «ብ» ተብሎ ይነበባል። በላቲን ፊደል የሚሠሩ የዚህ ዘይቤ ሠዓሊዎች እግርና ወገብ ላይ እንደ ልባቸው ይጫወታሉ፤ የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን የሚሸከመው በነዚያው ቦታዎች ነው። ስለዚህ እብጠቱን በሁለቱም እግር ላይ፣ በሁለቱም ወገን እኩል አድርጉት፤ አንባቢ እኩል የሆነውን ነገር ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ አንድ ወገን ብቻ የሆነውን ግን ምልክት ነው ብሎ ያነበዋል። የሚያብጠው የእግሩ ታችኛው ክፍል ይሁን፣ ወገቡ ቀጭን ይቆይ።

ሌላ ቃል የምትመርጡ ከሆነ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ጻፉትና በእያንዳንዱ ፊደል ላይ አናባቢውን የሚወስነውን ቦታ ክበቡ። የተከበበው ቦታ አይነካም፤ የቀረው አካል የእናንተ ነው።

ፊደሉ ሲያልቅ ቃሉን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ጥቂት ሰከንድ ማሰቡ ችግር የለውም፣ ፖስተሮቹ ድሮም ሰውን አቁመው ነበር የሚያስነብቡት። ሌላ ቃል ካነበበ ግን ተመለሱ። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ የምትጽፉ ከሆነ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ባለ ግልጽ ፎንት፣ ከ14 ነጥብ ባላነሰ መጠን፣ ከታች በቢጫና በወይን ጠጅ ብቻ ጻፉት። የሚርገበገቡት ጥንዶች ላይ ትንሽ ጽሑፍ አይነበብም።

8. ቀለም መስጠት

በቀለበቶቹ ሌየር ላይ «ግሬዲየንት ማፕ» የተባለውን ፊልተር እንደ ማስክ (ዋናውን ሥዕል ሳይለውጥ ከላዩ የሚሠራ ሽፋን) ጨምሩ። ጥቁሩ ሮዝ፣ ነጩ አረንጓዴ እንዲሆን ሁለት ጫፍ ብቻ ስጡት። ሌየሩ ትሬሾልድ ስላለፈበት በመካከል የሚገባ ቀለም የለም። ማስክ ስለሆነ ጥንዱን ወደ ብርቱካናማና ሰማያዊ ቀይራችሁ ማየት የሰከንዶች ሥራ ነው።

አበባዋን ቢጫ አድርጉ፣ ጌጦቿን ወይን ጠጅ። በአበባዋና በመጀመሪያው ቀለበት መካከል 40 ፒክስል የሆነ የወይን ጠጅ ጠርዝ አስገቡ። ይህ ጠርዝ ባይኖር ብሩሁ ቢጫ ከቀለበቶቹ ጋር ተጎራብቶ የቀለበቶቹን ኃይል ይቀንሰዋል። ፊደሉ ቢጫ፣ ስንጥቆቹና የቅስቱ ጀርባ ወይን ጠጅ ይሁኑ።

መላውን ሥራ በደረጃ 1 የግራጫ ሌየር እንደገና ፈትኑ። ቀለበቶቹ ሊጠፉ ሲቃረቡ አበባዋና ፊደሉ ግን ጎልተው መቆም አለባቸው። አበባዋም አብራ ከጠፋች ቢጫው ጠቁሯል ማለት ነው።

ሁለተኛ ፖስተር ስትሠሩ ገልብጡት፦ ቀለበቶቹ ይረጉ፣ ፊደሉ ይርገብገብ። ሞስኮሶ ያደርግ የነበረው ይህንን ነው፤ ግን ፊደሉ ያለ ቀለም እርዳታ መቆሙን እርግጠኛ ከመሆናችሁ በፊት አትሞክሩት።

9. ለማተሚያ ቤት

ስክሪን ብርሃን ነው፣ ወረቀት ደግሞ ቀለም። ያ ደማቅ ሮዝና ያ አረንጓዴ በአራት ቀለም ኅትመት ሲወጡ ይደበዝዛሉ፤ ሰማያዊው 0፣ 158፣ 255 ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ክሪታ ውስጥ ኮንትሮልን ተጭናችሁ «ዋይ»ን ብትነኩ የኅትመቱን ግምት በስክሪን ያሳያል።

ለኅትመት አስተማማኙ ጥንድ ይህ ነው፦ ቀይ ከ100 በመቶ ማጀንታ (ሐምራዊ ሮዝ) እና ከ100 በመቶ ቢጫ፣ አረንጓዴ ከ100 በመቶ ሳያን (ውኃ ሰማያዊ) እና ከ100 በመቶ ቢጫ። ሁለቱም ከሙሉ ቀለም የተሠሩ ስለሆኑ ማተሚያው ቀለም ለማሳሳት የሚጠቀምበት የነጥብ ጥልፍልፍ ጠርዛቸውን አያደበዝዘውም፤ የብርሃን መጠናቸውም በአጋጣሚ ተቀራራቢ ነው። የኅትመቱን ቅጂ በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የኅትመት ቀለሞች ሞዴል) ለይታችሁ አስቀምጡ። ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ኤ4 ላይ የቀለበቱን ቁራጭ በእውነተኛ መጠኑ አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩት። አንጸባራቂ ወረቀት ድምቀቱን ይጠብቃል፤ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቀለሙን ስለሚመጥ ሁለቱንም ያከስመዋል።

10. ለስልክና ለቴሌግራም

ዋናውን በክሪታ ፋይል አስቀምጡ። የሚሰራጨው ቅጂ ፒኤንጂ ይሁን፤ ወደ 1350 ፒክስል ቁመት ስታሳንሱት «ላንቾስ» ወይም «ባይኪዩቢክ» የሚለውን ማሳነሻ ምረጡ።

ጄፔግ ለዚህ ሥራ ልዩ ጠላት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የብርሃኑን ዝርዝር እየጠበቀ የቀለሙን ዝርዝር በግማሽ ይቀንሳል። በሌላ ሥዕል ላይ ይህ አይታወቅም፤ በእኛ ሥዕል ግን በቀለበቶቹ መካከል የብርሃን ልዩነት ስለሌለ ያለው ዝርዝር ሁሉ የቀለም ነው፣ የሚጎዳውም እሱ ነው። መምህሩ የግድ ጄፔግ ከጠየቀ በማስቀመጫው ላይ «ሰብሳምፕሊንግ» የሚለውን የመጨረሻው ጥራት ላይ አድርጉት። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ራሱ አሳንሶ ጄፔግ ያደርገዋል።

ቀለበቶቹን ወደ ተንቀሳቃሽ ምስል ለመቀየር ካሰባችሁ አንድ ጥንቃቄ አለ። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር፣ በተለይ ደማቅ ቀይ፣ የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ቀለም ከማለዋወጥ ይልቅ ቀለበቶቹን በዝግታ አስፉ፤ ግሩፕ ላይ ስትለጥፉትም ከላይ ማስጠንቀቂያ ጻፉበት።